ውሃ ብዬ የጻፍኩበት ጠርሙስ

ለእትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን ፈቀደልሽ? ባልሽ አሁንም የሚያንኮራፋ ከሆነ በክርንሽ ጎሰም አድርጊው። ለሚመጣው ልጄ ሹራብ መጀመርሽን ሳነብ አለቀስኩ። እኔ ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ እጄ አልጽፍ አለኝ።

ሥራሽ ምንድነው ስትዪኝ «ቅጠል አሳድጋለሁ» እያልኩ ሸውጄሽ ኖሬአለሁ። ዛሬ ልንገርሽ። ከቅጠል ለይተን ያወጣናቸውን ሴሎች በብልቃጥ ውስጥ እናሳድጋለን። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ክሮች አሉ፤ ሴሉ ቅርጽ ይዞ የሚረዝመውም ለሁለት የሚከፈለውም በእነሱ ነው። በአንዱ ብልቃጥ ክሮቹን የሚበትን መድኃኒት እንጨምራለን፣ በሌላው ውሃ ብቻ። መድኃኒት የገባባቸው ድቡልቡል ብለው ይቀራሉ።

ሰሞኑን ውሃ የጨመርኩባቸው ድቡልቡል አሉ። አለቃዬ ዓይኑን ከማጉያው ሳያነሳ፣ ክሮቹ እንዲታዩ የምንነክርበትን ቀለም አበላሽተሽው ነው አለኝ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ሦስቴም ያው ሆነ።

ማክሰኞ ነገሩ ገባኝ። ጠርሙስ ሁሉ ወደምንሠራበት የመስታወት ሳጥን ከመግባቱ በፊት ጀርም እንዳይዝ በአልኮል ይጠረጋል፣ አልኮል ደግሞ የላዩን ጽሑፍ ያጠፋል። የውሃውና የመድኃኒቱ ጠርሙሶች ጽሑፍ አብሮ ሲጠፋብኝ፣ ዝርክርክ ናት እንዳልባል ማንንም ሳልጠይቅ በግምት መልሼ ጻፍኩባቸው። «ውሃ» ያልኩት ውሃው አልነበረም።

ይሄ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩልሽ። ፈሳሽ የምንለካበት ቀጭን ቱቦ መሳቢያ ጎማው ከተቀደደ ወር አልፎታል። ውሃ አይደል ብዬ በቀጭኑ ቱቦ በአፌ ነበር የምስበው። አንዳንዴ ምላሴን ይነካኛል፤ ይመራል። እርግዝና አፍ መራራ ያደርጋል ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ እኔም እሱ ነው ብዬ ተውኩት።

እትዬ፣ የሰውም ሴል እንዲህ ያለ ክር አለው። ፈርቻለሁ። ሐኪሟ ለሐሙስ ቀጥራኛለች። ባለቤቴ ምንም አያውቅም፤ የሕፃኑን አልጋ ቀለም እየቀባ ያፏጫል።

ሹራቡ እጅጌው ላይ ደርሷል ብለሽኛል። እዚያው ላይ ይቆይ፤ ግን አደራ፣ እንዳትተረትሪው። መንቀሳቀስ ጀመረ ወይ ላልሽኝ፣ ባለፈው ሳምንት ጀምሮ ነበር። ይህን የምጽፍልሽ በአንድ እጄ ነው፤ ሌላው ከጠዋት ጀምሮ ሆዴ ላይ ሆኖ እንቅስቃሴውን ይጠብቃል።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ለእኔም እንዲሁ በዪልኝ።

ታናሽሽ