በፍልሰታ ቀን ከግድግዳ ጋር

ቬንዱላዬ፣

ዛሬ እዚህ ጣሊያን ፍልሰታ ስለሆነ ከተማው በሙሉ ወደ ባሕር ወርዷል፤ የቡድን ጓደኞቼም አብረው ሄደዋል። እኛ ኳስ ወርዋሪዎቹ የምንጫወትበት የሶፍትቦል ሜዳ ላይ ብቻዬን ቀርቼ ኳሱን ከግድግዳ ጋር ሳላትም፣ ጎረቤታችን ሲኞራ ዴልሚና ከሰገነታቸው ጮሁብኝ።

«አንቺ ልጅ! ዛሬ እኮ ግድግዳውም እረፍት ላይ ነው!»

«ክንዴ እንዳይተሳሰር ብዬ ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ሰው የለሽም?»

ኳሱን እንደገና ወረወርኩ። ትንሽ ቆይተው ሐብሐብ ቆርጠው ይዘውልኝ ወረዱ። ከዚያ አጥሩ ሥር ተቀምጠው በወረወርኩ ቁጥር «ጎበዝ! ጎበዝ!» ይሉኝ ጀመር። የተበላሸውንም ጭምር! እዚያ አገራችን ብርኖ ቢሆን አንቺ ያን የተበላሸ ኳስ ቀልበሽ፣ የፊት መከላከያሽን ወደ ላይ ገፍተሽ «ራድካ፣ ምንድነው የምትወረውሪልኝ፣ ድንች ነው?» ትይኝ ነበር። እሳቸው ባሞገሱኝ ቁጥር የናፈቀኝ ያንቺ ስድብ ነበር።

የቡድኑ ኃላፊዎች ለመጪው ዓመትም ፈርሚ እያሉኝ ነው። የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ፤ እናትሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ጉልበትሽ ተሽሎት ኳስ ለመቅለብ ቁጢጥ ማለት ቻልሽ? ባትችይም አልፈርምም፣ እመጣለሁ፤ አንቺ ብቻ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ስደቢኝ።

ያንቺው ራድካ