የሺጌን ድልድይ ማን ቀድሞ ይሻገር

ሂራሴ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 5 ቀን 2019

ውድ እማዬ፣

የድልድይና የአደባባይ ስም ማን ነው የሚያወጣው ብለሽ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? መቼም ሳትጠይቂ አትቀሪም። ባቡር ጣቢያው ፊት የቆመችው የነሐስ ሴት ዛሬም ራቁቷን ናት። እግሯ ሥር «ተስፋ» ተብሎ ተጽፏል፤ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ምን እንደሠራች የሚያውቅ የለም። ከጎኗ በነሐስ የቆሙት የድሮው ከንቲባ ግን ኮትም፣ ክራባትም፣ ሙሉ ስምም አላቸው። ገበያው አጠገብ የቆመው ውሻ እንኳ ስም አለው!

እኔ አሁን መልሱን አውቄዋለሁ። ስም የሚያወጣው ኮሚቴ ነው። ለኮሚቴው ሻይ የምቀዳው ደግሞ እኔ ነኝ። ዲግሪዬን ይዤ ማዘጋጃ ቤት በጊዜያዊነት ከገባሁ ወዲህ ሻይ መቅዳትና ወረቀት ማባዛት ሆኗል ሥራዬ። ቁጭ ማለት አልቻልኩም እማዬ፤ ይህንንም የምጽፍልሽ የቢሮው መስኮት ጋ ቆሜ ነው።

ኢሶ ወንዝ ላይ፣ የድሮው የጀልባ መሻገሪያ ጋ አዲሱ ድልድይ አልቋል። ሕዝቡ ስም እንዲጠቁም ሲጠየቅ ሕፃናቱ የኢል ዓሣ ስም አሉ፣ ሽማግሌዎቹ የአበባ ስም አሉ። የሳኬ ጠማቂው አቶ ሂሩማ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው፣ በአጎታቸው በድሮው ከንቲባ ስም ይጠራ አሉ። እኔም ነዋሪ አይደለሁ? የሺጌን ስም ጽፌ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ «ይህን የጻፈ ሰው ይምጣና ያስረዳ» ተባለ። የሻይ ማንቆርቆሪያውን ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር።

የአያትሽን እናት የሺጌን ታሪክ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ግን እንዴት እንደነገርኳቸው ስሚልኝ። «ወንድ ሁሉ ይምረጥ ተብሎ በተፈቀደበት በመጀመሪያው ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ወንዙ ማዶ ነበር» አልኳቸው። «ጀልባዋ ደግሞ የሺጌ። ወንዶቹን ጭና መሃል ወንዝ ስትደርስ መቅዘፊያዋን አስቀምጣ ወረቀት አወጣች። ‹ሴቶችም ይምረጡ የሚል ማመልከቻ ነው፤ አውራ ጣታችሁን አትሙበት። ያልፈለገ መዋኘት ይችላል› አለቻቸው። ወሩ የካቲት ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ሂሩማ ግን አልሳቁም።

«አያቴ ጀልባዋ ላይ ነበሩ» አሉ። «እስኪሞቱ ድረስ ‹አስገድዳኝ ነው› ይሉ ነበር። አስገድዶ ያስፈረመ ሰው ድልድይ ይሰየምለታል?»

የዓሣ ቂጣ ሻጯ ወይዘሮ ኢናባ፣ ከኮሚቴው ብቸኛዋ ሴት፣ ጽዋቸውን አስቀመጡ። «አቶ ሂሩማ፣ ምን ያስገድዳቸዋል? መዋኘት ይችሉ ነበር እኮ።»

ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ ሽማግሌው ፖስተኛ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እጅ ሲወጣ ሺጌ በአንድ ሰው ብልጫ አሸነፈች። መጮህ አማረኝ! የነሐስ ከንቲባውን ክራባት መጎተት አማረኝ።

ደስታዬ ግን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልቆየም። አቶ ሂሩማ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «በሉ እንግዲህ፣ ማን ቀድሞ ይሻገራል?» አሉ። ልማዱን ታውቂዋለሽ፤ ድልድዩ ዕድሜ እንዲያገኝ ከአንድ ቤት ሦስት ትውልድ፣ ሁሉም ባልና ሚስት ሆነው ቀድመው ይሻገሩበታል። «ስሙ የእናንተ የኡራቤ ቤት ከሆነ፣ መሻገሩም ለኡራቤ ቤት ነው የሚገባው። እስቲ ንገሪን የኔ ልጅ፣ ባሎቹ የት አሉ?»

እያወቁ ነው የጠየቁኝ። አያቴ ባሏን ከቀበረች ስንት ዘመኗ። አባዬ አማች ሆኖ ቤታችን ገብቶ፣ የቤታችንን ስም ወስዶ፣ በኋላ የራሱን ስም መልሶ ይዞ ሄደ። እኔ ጋ ሲደርሱ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «አንቺም ገና ነሽ» አሉ። «ችግር የለም፤ የኔ ቤት ሦስት ጥንድ አለው፣ እኛ እንሻገራለን። ለእናንተ የክብር ወንበር ይዘጋጃል።»

ጆሮዬ ጋለ። አንቺን እልህ ሲይዝሽ እንደሚቀላው። «ሺጌም ባሏ ሞቶባት ነው ብቻዋን የቀዘፈችው!» አልኩ። «አያቴ፣ እናቴና እኔ እንሻገራለን።»

«እናትሽ? ከሃኮዳቴ ትመጣለች?»

«አዎ። ትመጣለች።»

ሳልጠይቅሽ። በስምሽ ቃል ገባሁ። ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል፦ ሦስታችንም ከተገኘን እኛ፣ አንዳችን ከጎደልን የሂሩማ ቤት። ምርቃቱ መጋቢት 30 ቅዳሜ ነው።

ለአያቴ ስነግራት ጎመን በጨው ስታሽ ነበር። «ቀባጣሪ! ማን አዘዘሽ?» አለችና ቀና ሳትል ማሸቷን ቀጠለች። አባዬ ሲሄድ ምን ብላ እንዳስከፋችሽ እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ሰምቼዋለሁ፤ ስለዚያ ዛሬም አትናገርም። በነጋታው ግን የእንግዳውን ፍራሽ አውጥታ ፀሐይ ላይ ዘረጋች።

«ማን ሊመጣ ነው?» አልኳት።

«ማንም። ብል እንዳይበላው ነው።»

«በዚህ ብርድ ብል?»

«ዝም በይ አንቺ።» ፍራሹን ገለበጠችና ደግሞ «ሃኮዳቴ በረዶው ቀለጠ ይሆን?» አለች።

«ደውለሽ ጠይቂያት።»

«ቁጥሯ የለኝም።» ቁጥርሽ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ ስንት ዓመቱ። የወረቀቱ ጠርዝ ሲነሳ ተለጣፊውን የምትቀይረው እሷ ናት።

ሰው ይስቅብናል ብለሽ ትፈሪ ይሆናል። ይስቁ። ወይዘሮ ኢናባ ፊት ረድፍ ላይ ሆነው ሳቂዎቹን እንደሚቆጥሩልን ነግረውኛል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የአያቴ ጉልበት ደክሟል፤ ድልድዩ መሃሉ ላይ ከፍ ይላል። በቀኝ በኩል እኔ እደግፋታለሁ። በግራዋ ሰው ከሌለ ያንን ከፍታ አትወጣውም፤ የክብር ወንበሩ ላይ ደግሞ ብትሞት አትቀመጥም። አቶ ሂሩማ ከነቤተሰባቸው ሲሻገሩ ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታ ጎመን ታሻለች። ከዚያ ወዲያ ስለ አንቺም ስለ ድልድዩም አታነሳም፤ አውቃታለሁ።

ስለዚህ ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቂ። እምቢ ካሉሽም ንገሪኝ፣ እኔ ራሴ እጽፍላቸዋለሁ፤ አሁን ማመልከቻ መጻፍ ለምጃለሁ። እስከዚያው የሰሜኑ ነፋስ አይክፋብሽ፣ እጅሽን ብርዱ አያድርቀው።

መልስሽን ግን ለእኔ እንዳትጽፊው። ፖስታው ላይ የአያቴን ስም ጻፊበት፤ ለእሷ ላኪው።

የምትወድሽ ልጅሽ፣
ቺጉሳ