በምስጥ ሆድ የባለቤታቸውን ስም ያኖሩት አጎታችን

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ ምስጤ» የሚላቸው አጎታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1942 ዓ.ም.፣ ከአባታቸው የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ተወለዱ። አባት እንጨት ሲያበጁ ልጅ እንጨት የሚበላውን ወደዱ። ይህ እንዴት እንደሆነ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ግራ እንደገባው ነው።

ትምህርታቸውን ጨርሰው በ1968 በተመራማሪነት ተቀጠሩ። ሥራቸው በምስጥ ሆድ የሚኖሩ፣ ማንም የማያውቃቸውን ባክቴሪያዎች መለየት ነበር። ምስጡን በወረንጦ ይዘው አንጀቱን ከኋላ ስበው ያወጡና፣ አየር ሲነካቸው የሚሞቱትን ነዋሪዎቹን አየር በማይገባበት የመስታወት ሣጥን ያሳድጓቸዋል። ጎረቤት ሥራቸውን ሲጠይቃቸው «የምስጥ ሆድ አያለሁ» ይላሉ፤ ጎረቤትም «እግዜር ይማርዎ» ብሎ ያልፋል።

በ1974 እኛ «እትዬ» የምንላቸውን ባለቤታቸውን አገቡ። በእትዬ ቤት አቧራ እንኳ ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ።

በ1991 ምስጥ የመኝታ ቤታቸውን በር ገባበት። ከምሳ እስከ መክሰስ ጨርሶት እጀታውን ብቻ አየር ላይ አንጠልጥሎ ተወው፤ ያየ ይመስክር፣ ያላየም ያግዘው። እትዬ ነጭ ጋዝ ይዘው ቢመጡ አጎታችን ተንበርክከው «እባክሽ የኔ እመቤት፣ ሆዳቸውን ሳላይ አትፍጂብኝ!» አሉ። እትዬም ጋዙን አስቀመጡ። ከነዚያ ምስጦች ሆድ አንዲት ባክቴሪያ ወጣች፤ ዘሯ ቢመረመር ከሚታወቁት ከአንዷም ጋር አልገጥም አለ። ስም ማውጣት የአግኚው ነውና አጎታችን የእትዬን ስም ሰጧት።

ነገሩ የተደበላለቀው እዚህ ላይ ነው። ክብር ነው ወይስ ስድብ? ዘመድ ለሁለት ተከፈለ። እትዬ «ከሰማይ ኮከብ፣ ከምድር አበባ ጠፍቶ የምስጥ አንጀት!» ብለው ጀርባቸውን ሰጡ። አጎታችን ላስረዳ ባሉ ቁጥር ሳይንሱ ነገሩን አባሰው። ከአንድ ገበታ እየበሉ፣ ቅያሜው ሳይፈታ ዓመታት አለፉ።

ባለፈው ዓመት አጎታችን በጉበት ሕመም አልጋ ያዙ። እትዬ ሾርባ እያጎረሷቸው «አንተ ሰውዬ፣ እውነቱን ንገረኝና ልረፍ። ምን በድዬህ ነው?» አሉ።

«ምስጥ እንጨት ቢበላ፣ በሆዱ ያለችው ሞክሼሽ ካልፈጨችለት ሆዱ ሞልቶ በረሃብ ይሞታል» አሉ አጎታችን። «እኔም ያላንቺ እንደዚያው ነኝ።»

እትዬ ሌላ ማንኪያ ሾርባ አጎረሷቸው። ይግባቸው አይግባቸው ማንም አላወቀም።

አጎታችን መጋቢት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቆጥረው የማያልቁ የእትዬን ሞክሼዎች ትተው ዐረፉ። የሰፈሩ አናጺ የሬሳ ሣጥኑን ሠርቶ ሲጨርስ «ምስጥ እንዳይነካው መድኃኒት ልቀባው?» ብሎ ጠየቀ።

«ተው፣ እንዳትቀባው!» አሉ እትዬ። «ምስጦቹ ሞክሼዬን በሆዳቸው ይዘው ይምጡለት።»

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ግራ መጋባት በሌለበት ያሳርፍልን።