ልጅቷ የከሳችበት ምክንያት

ዌስተን፣ ቶሮንቶ
መጋቢት 14 ቀን

ለተከበሩ የኑኃሚን አያት፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? በክረምቱ ይዞዎት የነበረው ሳል ለቀቀዎት ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እዚህ በረዶው መሟሟት ጀምሯል፤ መንገዱ ጭቃና ጨው ብቻ ሆኗል። ሙሉነህ አሁንም ኤርፖርት አጠገብ ባለው መጋዘን በቀን ፈረቃ ይሠራል። ልጅቷም ደህና ናት።

"እማማ" እያልኩ ብጽፍልዎ ቅር አይበልዎት። ኑኃሚን እንደዚያ ስለምትልዎ እኔም እቤት ውስጥ የማነሣዎት በዚሁ ስም ነው። ሙሉነህን ካገባሁ አምስት ዓመቴ ነው፤ ከእርስዎ ጋር ያወራሁት ግን ከትከሻው ኋላ ቆሜ በእሱ ስልክ "ደህና ነዎት?" ከማለት አያልፍም። ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ከመናገር መጻፍ ይቀለኛል።

ያስጻፈኝ በመስቀል ማግሥት የተናገሩት ነገር ነው። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር፣ እኔ ሰሃን አጥባለሁ። ሙሉነህ ድምፁን ለመቀነስ ተጣደፈ እንጂ አንዱም ቃል አላመለጠኝም። "ልጄ አጥንቷ ወጣ እኮ! እንጀራ እናት እንጀራ አትሰጥም ወይ? የፋናዬን ልጅ ማብላት ካቃታችሁ መልሱልኝ፣ እኔው አሳድጋታለሁ" አሉት። ሰሃኔን አጥቤ ጨረስኩ። አልተቀየምኩም ብል ውሸት ይሆናል። ነገር ግን በፎቶው ላይ ያዩት ልክ ነበር፤ ልጅቷ ከስታለች። ያከሳኋትም እኔ ነኝ። ምክንያቱን ማንም አልነገረዎትም እንጂ።

ዓምና ጥር ላይ ለዓመታዊ ምርመራ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ክብደቷ ለዕድሜዋ በዝቶ ስለነበር የደም ምርመራ ታዘዘ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ወረቀቱን ወደኔ አዙራ አንዱን ቁጥር በእስክሪብቶ ከበበችው። ገና ስኳር በሽታ አልሆነም፣ ግን ድንበሩ ላይ ቆሟል አለችኝ። በቤተሰብ ውስጥ ይኖር እንደሆነ ጠየቀችኝ። እናቷ ፋናዬ በሠላሳ ሦስት ዓመቷ በዚሁ ሕመም ማረፏን ነገርኳት። እሱንም ወረቀቱ ላይ ጻፈችው።

እቤት ስንገባ ሙሉነህ ወረቀቱን አንብቦ በአራት አጠፈውና ኪሱ ከተተው። "ይሄ ለእማማ አይነገራቸውም" አለኝ። "ፋናዬን ቀብረው እንባቸው ሳይደርቅ ይሄን ቢሰሙ ይሞቱብናል። ለልጅቷም አይነገር።" እሺ አልኩት። የፋናዬ ነገር የእሱና የእርስዎ ነው፣ እኔን አያገባኝም ብዬ ነበር የማስበው።

ሥራዬን ያውቁ እንደሆነ እንጃ። በአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ስኳር ላለበት፣ ጨው ለተከለከለ፣ መዋጥ ለሚቸግረው እየለየሁ ትሪ አዘጋጃለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴንም እንደ ሥራ ቦታዬ ያዝኩት። ጁሱን፣ ለስላሳውን፣ ቺፕሱን ከቤት አስወጣሁ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሳምንቱን መክሰስ እሠራለሁ። ሽምብራ ዘፍዝፌ፣ አድርቄ፣ ዘይትና ሚጥሚጣ ነካ አድርጌ ኦቨን ውስጥ እቆላለሁ። አጃና ቴምር አንድ ላይ ፈጭቼ፣ ተልባ ጨምሬበት በእጄ አድቦለቡላለሁ። ትምህርት ቤቷ ለውዝ ስለማያስገባ የዱባ ፍሬ አምስላታለሁ። ፖም አሳስቼ ቆርጬ ቀረፋ ነስንሼ አደርቃለሁ።

ኑኃሚን ሁሉንም በአንድ ስም ጠራችው፤ "የወፍ ምግብ"።

ቢሆንም ላንች ቦክሷ በየቀኑ ባዶውን ይመለስ ነበርና ደስ ብሎኛል። አንድ ወር ካለፈ በኋላ የክፍል ጓደኛዋ የዮዳሄ እናት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያዘችኝ። "እባክሽ ያንን ሽምብራ እንዴት ነው የምትሠሪው? ልጄ ሌላ አልበላም አለችኝ" አለችኝ። ለካ የእኔይቱ የወፍ ምግቧን በዮዳሄ ብስኩት ስትለውጥ ነው የከረመችው። የዮዳሄ እናት ሳቀች፣ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ከዚያ ቀን በኋላ የልጅቷን ቦርሳ መፈተሽ ጀመርኩ። ኪሷን ሳይቀር።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልግባ። ሰኔ ላይ የላኩላት ጭኮ ደርሶ ነበር።

ከአሰላ ለትምህርት የመጣችው ልጅ በር ድረስ አመጣችልኝ። ክዳኑ ላይ "ለኑኃሚኔ" ተብሎ ተጽፎበታል። ከፈትኩት፤ የቅቤው ሽታ ቤቱን ሞላው። ኑኃሚን ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩና በአሳንሰር ወርጄ የምግብ ትራፊ የሚጣልበት ትልቁ ቢን ውስጥ ጣልኩት። ለእሷም ለአባቷም "ኤርፖርት ላይ ወስደውባታል" አልኳቸው። እርስዎም የተነገረዎት ይኸው ነው። ያቺ ተማሪ ግን በእጄ እንዳስረከበችኝ ሳትነግርዎት አትቀርም። አንድ ቀን እንኳን አላነሡብኝም። የመስቀሉ ቁጣ ከዚያም የመጣ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ነሐሴ ላይ ሙሉነህ የሳምንት እረፍት አገኘና ማኒቱሊን ወደሚባል ደሴት ሄድን። ሦስታችን አንድ ላይ ከከተማ ስንወጣ የመጀመሪያችን ነበር። ወደ ሰሜን አራት ሰዓት ተኩል ተነድቶ ቶበርሞሪ የሚባል ወደብ ይደረሳል፤ ከዚያ መኪናውን ጭምር የሚጭን መርከብ ሁለት ሰዓት ያሻግራል። እኔ የአምስት ቀን መክሰስ ሠርቼ፣ በየሳጥኑ ላይ ሰኞ፣ ማክሰኞ ብዬ ጽፌ ይዣለሁ። ኑኃሚን ኦወን ሳውንድ የምትባል ከተማ ስንደርስ መኪናው አዙሯት አስታወከች። 

መርከቡ ላይ ሙሉነህ ሻይ ሊገዛ ወደ ውስጥ ገባ። እኛ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። የሰኞን ሳጥን ከፍቼ አቀረብኩላት፤ አልነካችውም።

"አየሁት እኮ" አለችኝ ውኃውን እያየች። "የእማማን ጭኮ። ቢን ውስጥ ነበር። ጋርቤጅ ጣይ ብለሽ የላክሽኝ ቀን። ስሜ ነበረበት።"

ሁለት ወር ሙሉ ይዛው ቆይታ ነበር። እኔ ቦርሳዋን ስፈትሽ እሷ ይህን እያወቀች ዝም ብላ ትቆምልኝ ነበር።

"ስኳር እንዳይበዛብሽ ብዬ ነው" አልኳት።

"ጭኮ ስኳር የለውም። ገብስና ቅቤ ነው። ሰርች አድርጌዋለሁ።"

ምግብ ውስጥ ያለውን እየለካሁ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ፤ ጭኮ በምን እንደሚሠራ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። አንድ ሁለት ማንኪያ አይጎዳትም ነበር። እማማ፣ የፈራሁት እርስዎን ነው። ያንን እቃ አንዴ ከፍታ ብትቀምስ የእኔ ነገር ሁሉ የወፍ ምግብ ሆኖ እንደሚቀር ታየኝ። ለልጅቷ ይህን አላልኳትም። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዋሽቼሻለሁም፣ ይቅርታ" አልኳት እንጂ።

ራሷን ነቀነቀች። "ለምንድን ነው ስኳርን እንደዚህ የምትፈሪው? እናቴ ስኳር በልታ ነው የሞተችው?" አለችኝ።

ለሙሉነህ ቃል ሰጥቼ ነበር። በመስኮቱ አየሁት፤ የሻይ ሰልፉ መሃል ነው። ነገርኳት። እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ስኳር በሽታ እንደነበረባት፣ ኋላ ኩላሊቷን እንደጎዳው፣ ከረሜላ በልታ ያመጣችው እንዳልሆነ፣ ጥፋቱም የማንም እንዳልሆነ ነገርኳት። ከዚያ ስለ ራሷ ደም ውጤት፣ ሐኪሟ ስለከበበችው ቁጥር ነገርኳት።

"ልሞት ነው?" አለችኝ።

"አይደለም" አልኳት። "ሽምብራ የምቆላው ለዚህ ነው።"

ትንሽ አለቀሰች። እጄን ትከሻዋ ላይ ላድርግ አላድርግ እያልኩ ሳመነታ ሳጥኑን ወደ ራሷ ሳበችው። አልበላችም፤ ጭኗ ላይ አድርጋው ተቀመጠች። ሙሉነህ ሻዩን ይዞ ሲመጣ "አባ፣ ስለ እናቴ አውቄያለሁ" ያለችው ራሷ ናት። እሱ ወደኔ አየ። ሻዩን አስቀምጦልኝ ወደ መርከቡ ጫፍ ሄደ።

ሁለት ቀን አላናገረኝም። በተከራየናት ትንሽ ቤት ውስጥ ተራ በተራ እንበላ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ኑኃሚንን ይዞ ገደል አፋፍ ወደሚያወጣ የእግር መንገድ ሄደ፣ እኔን ነይ አላለኝም። ወደ ቀትር ሲመለሱ ሁለቱም ጭቃ በጭቃ ነበሩ፣ ዓይኑ ቀልቷል። ፋናዬ አሰላ ተማሪ ሳለች በሩጫ ወንድ እንኳን እንደማይቀድማት፣ ውድድር ባሸነፈች ቁጥር እርስዎ ጫማዋን ደብቀው "ነገ ደግሞ ትምህርትሽን ሩጪ" ይሏት እንደነበር፣ ኑኃሚን እያቋረጠች ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት አባቷ የእናቷን ስም ካነሣ የሚሰበር እየመሰለው አንድ ታሪክ እንኳን አጫውቷት አያውቅም ነበር። የረቡዕ ሳጥን ያን ቀን ሦስታችንም በልተን ባዶ ሆነ። ሙሉነህ ሲተኛ "ደግ አደረግሽ" አለኝ።

ከእረፍት ከተመለስን ወዲህ ቦርሳዋን አልፈትሽም። ገብስ ቆሎውን የምትቆላው እሷ ናት፤ ግማሹን ታሳርረዋለች፣ ያረረውንም እንበላለን። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሦስት ፌርማታ ቀድማ ከአውቶቡስ ወርዳ በእግሯ ትመጣለች። በአንድ ዓመት ውስጥ ሰባት ሴንቲ ሜትር ረዝማለች፤ አጥንቷ የወጣ የመሰለዎት ለዚያም ነው። ታኅሣሥ ላይ ደሟ ተመርምሮ ቁጥሩ ወርዶ ተገኘ። ሐኪሟ በዓመት አንዴ እናያታለን ብላ አሰናበተችን። እንግዲህ እማማ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ሙሉነህ ይህን እንደምጽፍልዎ ያውቃል። "ጻፊላቸው፣ እኔ አልችልም" ነው ያለኝ።

ፋሲካን ከእርስዎ ጋር እንዲውሉ ወስነናል። እሱና ኑኃሚን ይመጣሉ። ሲገደፍ ጭኮ ሠርተው ያብሏት፤ ልኩን ራሷ ታውቃለች። እኔ አልመጣም። ሐኪሜ እስከ ሐምሌ መጨረሻ አውሮፕላን አትሳፈሪ ብላኛለች። አልታመምኩም፣ አያስቡ። ከማንም ቀድማ የነቃችው ኑኃሚን ናት፤ የሽንኩርት ሽታ ሸሽቼ በረንዳ ላይ ስወጣ ሁለት ቀን አይታኝ፣ በሦስተኛው ቀን ክፍሏን በሜትር ለክታ የሕፃን አልጋ የሚገባበትን ቦታ ወለሉ ላይ በእርሳስ አስምራ ጠበቀችኝ።

መልሱልኝ ብለው ነበር። ትኬቷ ደርሶ መልስ ነው፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሰኞ። "እዚሁ ከእማማ ጋር እቀራለሁ" ካለች ግን እኔ አልከለክላትም፤ ይህን ለአባቷም ነግሬዋለሁ። ከእንግዲህ የእሷን ነገር ከእሷ ደብቄ አልወስንም። እንድትመለስልኝ ግን እፈልጋለሁ። ይህንን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ደብዳቤውን ለፖስታ ቤት አልሰጠሁም። ያስረከበችዎት እሷ ናት፤ ይህን ሲያነቡ አጠገብዎ ተቀምጣለች ማለት ነው። የምትነግርዎት ብዙ ነገር አላት፣ ሳምንቱን ሙሉ በቃሏ ስታጠና ሰምቻታለሁ። አማርኛዋ ይደነቃቀፋል፣ እንግሊዝኛም ትቀላቅላለች። አያርሟት፤ እስክትጨርስ ብቻ ይታገሷት።

ጉልበትዎን ያጽናልዎት። ፆሙን በሰላም አስፈጽሞ ለትንሣኤው ያድርስዎት። የፋናዬን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።

አክባሪዎ፣
የልጅ ልጅዎ አሳዳጊ