ኮከቧን የሸፈነው በረዶ

ውድ የልጄ እናት፣

ነፍስሽን በገነት ያኑርልኝ። ደህና ነኝ ልልሽ ብዕር አነሳሁ፤ የትናንቱን ማታ ሳልነግርሽ ግን አይሆንልኝም።

ልጅሽ ከፀሐይ እጅግ ርቆ የሚዞር አንድ የበረዶ ቋጥኝ ስትከታተል ስንት ዓመቷ! «አባዬ፣ እሱን ራሱን አጥርተን አናየውም። በአንዲት ኮከብ ፊት ሲያልፍ ግን ኮከቧ ለጥቂት ሴኮንድ ድርግም ትላለች። ስፋቱን የምንለካው ከዚያች ጨለማ ነው» አለችኝ። ከለካችው ባሕር ማዶ ያሉ የኮከብ ተመራማሪዎች ሊቀጥሯት ቃል ገብተዋል። ካመለጣት እዚሁ ከእኔ ጋር ትቀራለች። እንግዲህ ምን ብዬ ልጸልይ?

ቋጥኙ የሚያልፈው ትናንት ማታ ስለነበር ፀሐይ እንደጠለቀች የምታስተምርበት ሕንጻ ጣሪያ ላይ ወጣን። ነፋሱ ከኮምፒውተሯ ጋር ያገናኘችውን ቴሌስኮፕ እንዳይነቀንቀው ሸራ ወጥሬ እንድይዝላት አቆመችኝ።

«እንዳትነቃነቅ!»

«ዕድሜ ልኬን ብረት የበየድኩ ሰውዬ ሸራ ያቅተኛል?»

«አንተ ስታወራ እጅህም አብሮ ያወራል። ዝም በል በቃ!»

ቁጣዋ ቁርጥ አንቺን።

ደመናው እየቀረበ ነበር። ነፋሱ ሸራውን ሲጎትተው አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ አንዱን ጫፍ ብቻ ብለቀውስ? ነፋስ ነጠቀኝ እላለሁ፣ ማን ያውቅብኛል? እውነቴን ነው፣ ጣቶቼ ላላ አሉ። እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፈንኩና «ጌታ ሆይ፣ ደመናውን…» ብዬ ጀመርኩ። አምጣው ልበል ወይስ አርቀው፣ አፌ ላይ ቀረ። ጣቶቼን ግን መልሼ ጨበጥኩ።

«ጠፋች!» ብላ ጮኸች። «ተመለሰች! አባዬ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አየሃት?»

«ጨፍኜ ነበር።»

«አሁን ማን ይሙት፣ በዚች ሰዓት ይጨፈናል?»

«እየጸለይኩ እኮ ነው!»

«ምን ብለህ?»

መጥታ ሸራውን ከእጄ ተቀበለችኝ።

«ቅድም ኮከቧ ስትንቀጠቀጥ አይቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ሸራው እንደላላ ገብቶኝ ነበር። ከዚያ ቀጥ አለች።»

አቀፈችኝ።

በሚመጣው ወር ትሄዳለች። ያቺ ጸሎት እስካሁን አፌ ላይ ናት፤ ለፈጣሪ አንቺ ትቀርቢያለሽና ጨርሺልኝ። ሻንጣዋን ጎትቼ የምሸኛት እኔ ነኝ፤ ያን ዕለት ዓይኔን አልጨፍንም።

ያንቺው፣
ሸራ ያዡ