ባጃጅ ውስጥ እንግሊዝኛ የተናገሩት የሲስተር የሻረግ ሀብቴ የሕይወት ታሪክ

ሲስተር የሻረግ ሀብቴ ከአባታቸው ከአቶ ሀብቴ ጥጋቡና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሙሉወርቅ ዘመነ ጥቅምት 12 ቀን 1962 ዓ.ም. በስማዳ፣ ከወገዳ ከፍ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። ድምፃቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ቀጭንና ዝግ ያለ ስለነበር እናታችን ከጓሮ ሲጠሯቸው አቤት ማለታቸውን የሚሰማ አልነበረም። አልታዘዝም አለች እየተባሉ ስንቱን ቁጣ በከንቱ እንደተቀበሉ እኔ ታናሽ ወንድማቸው ይስማው ምስክር ነኝ።

አንደኛ ደረጃን በወገዳ፣ ሁለተኛ ደረጃን ቤት ተከራይተው፣ ስንቅ እየተላከላቸው በንፋስ መውጫ ተማሩ። በ1984 ዓ.ም. በነርስነት ተመርቀው አርብ ገበያ ሥራ ጀመሩ። ለዓርብ ገበያ የመጣ ገበሬ አህያውን አስሮ ወደ እሳቸው ጎራ ሳይል አይመለስም ነበር። ታማሚው አዛውንት ከሆኑ የያዙትን አስቀምጠው ብድግ ይሉላቸው ነበር። በ1986 ዓ.ም. ከአቶ ይታየው በላይነህ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ህይወትንና አበባውን ወለዱ። ኋላም ወደ ንፋስ መውጫ ተዛውረው እስከ መጨረሻው በዚያው አገለገሉ።

በ2001 ዓ.ም. ወደ ሌላ ከተማ ለሥልጠና ተላኩ። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ስለ አንድ በሽተኛ በእንግሊዝኛ መናገር ነበረበት። እታለም (እኔ የምጠራቸው እንዲህ ነው) ከእስቴ ስለመጡ አንድ ሽማግሌ ተናገሩ። ለአንድ ወንድ «ሂ» እንደሚባል ያውቃሉ፤ ግን ሽማግሌን አንተ ብለው የማያውቁ ሰው በእንግሊዝኛስ እንዴት ይድፈሩ? «እርሳቸው» ለማለት ፈልገው «ዜይ» አሉ፤ ያ ደግሞ በእንግሊዝኛ «እነሱ» ማለት ነው። አሠልጣኙ በሽተኞቹ ስንት ናቸው ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ከዚያ በኋላ አፋቸውን ያዙ። በሥራ ቦታቸው የጠዋቱ ስብሰባ በእንግሊዝኛ ስለነበረ፣ የራሳቸውን በሽተኛ ጉዳይ ለባልደረባ ነግረው በሌላ ሰው አፍ ማስነገር ጀመሩ። ያንገበገባቸው ኀፍረቱ ብቻ አልነበረም። ከበሽተኛው አጠገብ ውለው ያዩት ነገር በሌላ ሰው ሲነገር ሁልጊዜ የሚጎድል ነበረው። እኔ በፈራሁ በሽተኛው ምን በወጣው እያሉ ይተክዙ ነበር።

መላውን ያገኙት አቶ ይታየው ናቸው። ባጃጅ መንዳት ጀምረው ስለነበር ባለቤታቸውን ከሥራ የሚወስዷቸው እሳቸው ነበሩ። ለእኔ ንገሪኝ አሏቸው፤ እንግሊዝኛው እንደሁ አይገባኝም፣ ካልገባኝ በምኑ እስቃለሁ አሉ። እታለም ከኋላ ተቀምጠው፣ የሰው ስም ሳይጠሩ፣ ውሏቸውን በእንግሊዝኛ ማውራት ጀመሩ። አቶ ይታየው የሚያውቁት «የስ» ማለትን ብቻ ነው፤ እሷኑ እታለም ትንፋሽ በሳቡ ቁጥር ጣል ያደርጓታል። ሞተሩ ስለሚጮህ ዝግ ብሎ መናገር አያዋጣም፤ እታለምም መጮህ ግድ ሆነባቸው። ሲስተር የሻረግ በየምሽቱ ባላቸውን ይቆጣሉ ተብሎ በሰፈሩ ስለተወራ ጎረቤት ሽማግሌ ሊልክ ደርሶ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ከስብሰባው መካከል ተነሡና ስለ አንዲት ነፍሰ ጡር እናት ራሳቸው ተናገሩ። ባጃጅ ውስጥ ያሉ ይመስል ጮክ ብለው ነበር የተናገሩት። ሲሳሳቱ ራሳቸው ይሰማቸዋል፤ ግን አላቆሙም። ሐኪሙ ሰምቶ እንደጨረሰ በቀጥታ ወደ ሴትዮዋ ሄደ። እናትም ልጅም በሰላም ቤታቸው ገቡ። ያን ዕለት ምሽት ባጃጁ ውስጥ አማርኛ ብቻ ተወራ።

ከዚያ ወዲህ ጀማሪ ነርሶችን እንግሊዝኛ ያናገሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ተናጋሪው ሳይጨርስ ማረም የለም፣ መሳቅ ደግሞ ጭራሽ የለም። አንዷ ስለ አንድ ሽማግሌ «ዜይ» ስትል፣ አክብሮትሽ ልክ ነው፣ ቃሉን ብቻ ለውጪው ይሏት ነበር። ታዲያ ስህተት ሰምቶ ማለፍ አይሆንላቸውም፤ እኔን በገዛ ሠርጌ ላይ አርመውኛል።

በ2016 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጠናባቸውና ጎንደር ተኝተው ይታከሙ ጀመር። አንድ ቀን ከውጭ አገር የመጡ ሐኪም ገብተው እንዴት ናቸው ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁ። ልጆቻቸው ሳይቀድሟቸው አቶ ይታየው ተነሥተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ዜይ አር ስሊፒንግ» አሉ። እርሳቸው ተኝተዋል ማለታቸው ነው። ከዚያ ሁሉ ምሽት ጆሯቸው ላይ የቀረው ይህ ቃል ነበር። በአማርኛ ዕድሜ ልካቸውን «እሷ» ሲሏቸው የኖሩትን ባለቤታቸውን በእንግሊዝኛ «እርሳቸው» አሏቸው። እታለም ደግሞ አልተኙም ነበር። ዓይናቸውን ገልጠው ባላቸውን አይተው ፈገግ አሉ። አላረሟቸውም።

ሲስተር የሻረግ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። እናታቸው ወ/ሮ ሙሉወርቅ፣ ባለቤታቸው አቶ ይታየው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጃቸው ሀናና እኔ ወንድማቸው ቀርተናል። ናፍቆታቸውን እንዴት እንደምንችለው አናውቅም።

የፈጠራቸው አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን። በስማቸው ሲጠራቸው አቤት ማለታቸው እንደሚሰማ አንጠራጠርም፤ እታለም መጮህ ተምረዋል።