ዕቃ ቤት ተብሎ የተጻፈው ክፍል

ዛሬ ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ዘጠኝ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በቤቴ ሳሎን ውስጥ በወንበሬ ላይ ተቀምጬ ይህን ቃል እናገራለሁ። ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ነው። ለሠላሳ አንድ ዓመት የማዘጋጃ ቤቱ የቤትና የንብረት ገማች ሆኜ ሠርቻለሁ። እኛ በምንሠራበት ሰንጠረዥ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ ቤት የመሬቱ ዋጋ ብቻ ነው የሚታሰብለት፤ ስለዚህ የእኔን አካል ማንም ለመገመት እንዳይደክም። ሳንባዬ ውሃ ቋጥሯል፣ እግሬ አብጧል። አእምሮዬ ግን አልተሰነጠቀም። የማስበውን አውቃለሁ፣ ወደምናገረውም ማንም አልገፋኝም።

ቃሌን የምትጽፈው የልጄ ልጅ ናት። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ብታቋርጥም ጽሕፈቷ ከልጆቼ ጽሕፈት ይሻላል። እኔ ያልኩትን እንዳልኩት፣ ሌላው ጣልቃ ገብቶ የሚለውን ደግሞ በራሷ አነጋገር እንድትጽፍ አዝዣታለሁ፤ በኋላ "እንዲህ አልተባለም" የሚል እንዳይመጣ።

ምስክሮቼ ሦስት ናቸው። አንደኛው ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የሜትሬን ሌላ ጫፍ ይዞልኝ የዞረ የሥራ ባልደረባዬ ነው። የሥራ መደቡ ሜትር ያዥ ነበር፤ ጡረታ ወጥቶም ሰው ሁሉ ሜትር ያዥ ነው የሚለው። ሁለተኛው የማዕዘኑ መድኃኒት ቤት ባለቤት፣ ሦስተኛዋ ፊት ለፊታችን የምትኖረው አስተማሪ ናቸው። ልጆቼም ሁለቱም አሉ፤ ወንዱ የቤት ደላላ ነው፣ ሴቷ የዚህች ጸሐፊ እናት ናት። በጓሮው ክፍል ተከራይታ የምትኖረውን ልብስ ሰፊም ጠርቻታለሁ። እሷ ትቀመጣለች እንጂ አትፈርምም።

ደላላው አጎቴ፣ "ለምን አትፈርምም?" አለ።

"ድርሻ ያለው ሰው ምስክር አይሆንም" አሉ ባለ መድኃኒት ቤቱ።

"እኮ! ድርሻዋ ምንድን ነው?"

አያቴ፣ "ተራው ሲደርስ ትሰማለህ። እኔ ገና አልጀመርኩም፣ አንተ ጨርሰሃል" አሉት።

አንደኛ። ወደ መንገዱ የዞረውን፣ አሁን ልጄ ቢሮ ያደረገውን ክፍል ለእሱ ሰጥቻለሁ። ስፋቱ አሥራ አራት ሜትር ካሬ ነው። እሱ ለደንበኛ ሃያ እንደሚለው አውቃለሁ። ይህ ልጅ የእኔን ሥራ ገልብጦ ያዘው፤ እኔ ሳልጨምር ሳልቀንስ ለመጻፍ ስጨነቅ የኖርኩትን እሱ በአፉ አቅልሎ ይለጥጠዋል። አልፈርድበትም። ትምህርት ቤቱ ወላጅ በጠራ ቁጥር እኔ የሰው ጣሪያ ሥር ቆሜ ስቆጥር፣ በእኔ ቦታ ጎረቤት ነው የሄደለት። ከጎረቤት የተማረውን ነው የሚሠራው።

ሦስተኛ። አይደለም፣ ሁለተኛ። ትልቁን ቤት፣ ሁለት መኝታ ቤት፣ ሳሎንና ማድ ቤቱን ለሴት ልጄ ሰጥቻለሁ። ምክንያቴ አብራኝ ስለኖረች ብቻ አይደለም። ባሏን ገና በበሩ ሲገባ ገመትኩት፤ ጫማውን፣ የኮቱን ክርን አይቼ ዝቅ አድርጌ ገመትኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ልጄን አላነጋገርኳትም። ሰውዬው ግን ልጄ ታማ በተኛችባቸው ስድስት ወራት አንድ ቀን ሳያጓድል ያጠባት፣ ያበላት ሰው ነበር። ይህን ያወቅሁት እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

እናቴ፣ "እማዬ፣ ይኼም ይጻፋል?" አለች።

"ይጻፋል።"

"ልጄ እየጻፈችው እኮ ነው።"

"አባቷ ነው፤ ትጻፈው።"

እዚህ ላይ አያቴ ከወንበራቸው ተነሡ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ሊደግፏቸው እጃቸውን ሲዘረጉ ገፋ አደረጉት። እስከ በሩ ሄደው ጓሮውን አዩና ተመለሱ። መስኮቱ ይከፈት አሉ፤ ተከፈተ። ነፋስ ገባ ብለው አዘጉት።

ሦስተኛ። የሃምሳ ሜትሩን ሜትሬን ከነቆዳ ማኅደሩ ለዚህች ለምትጽፈው ልጅ ሰጥቻለሁ። "ዝምተኛ ናት" ብላችሁ አትዘኑላት። እኔ የማውቃቸው ጎበዝ ገማቾች ሁሉ ቤት ሲገቡ ዝም የሚሉት ነበሩ። የሚናገረው የቤቱ ባለቤት ነው።

ሜትር ያዥ፣ "እትዬ፣ ምስክር ስለሆንኩ ሜትሩ ለእኔ አይደርሰኝም ማለት ነው?" አሉ።

"አይደርስህም።"

"እንግዲህ ጫፉን እንደያዝኩ ቀረሁ።"

ሁሉም ሳቁ። አያቴ አልሳቁም።

ስለ ሥራዬ ጥቂት ልበል፤ የኑዛዜ ወግ ባይሆንም ከደረቴ ይውጣልኝ። ገማች ይመጣል ሲባል ሰው ቤቱን ያጥባል። ወለሉን ይወለውላል፣ መጋረጃ ከጎረቤት ይዋሳል፣ ልጆቹን የክት ልብስ ያለብሳል። እኛ ቅጽ ላይ ግን ለንጽሕና የሚሆን ዓምድ የለም። ያለው የግድግዳ ዓይነት፣ የጣሪያ ዓይነት፣ የክፍል ብዛትና ዕድሜ ነው። ግድግዳውን በጣቴ አንኳኩቼ ጡብ ይሁን ጭቃ እለያለሁ። ወለሉ ላይ ብይ አስቀምጬ ወዴት እንደሚንከባለል አያለሁ። አንዲት ሴት ብዩን በእግሯ አቁማ፣ "እኔ ሠላሳ ዓመት ስኖርበት አንድም ቀን አላዘነበለም" ብላኛለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ የበረንዳቸውን ጥላ ለኩልኝ አሉ።

"አራት ሜትር ከግማሽ ነበር" አሉ ሜትር ያዥ። "የምሬን ነው የለካሁላቸው። ደስ አላቸው።"

በቀን አሥር ቤት ያየሁባቸው ጊዜያት አሉ። ያኔ የሰዎቹ ፊት ይጠፋኝና ቁጥሩ ይቀራል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ተገላበጠ፤ ቁጥሩ ጠፋ፣ ፊታቸው መጣ። ዓይኔ ግን መለካቱን አልተወም። ባለፈው ሐኪም ቤት ተኝቼ የጣሪያውን ስንጥቅ ስቆጥር፣ ነርሷ ጸሎት የማደርስ መስሏት በእግሯ ጣት እየረገጠች ወጣች።

አራተኛ። በጓሮ ያለውን ክፍል፣ አሥራ ሁለት ሜትር ካሬውን፣ ስለ መልካም ጠባይዋና ስለ ረጅም ጉርብትናችን በፈቃዴ ለልብስ ሰፊዋ ሰጥቻለሁ። ከግቢው በር እስከ ክፍሏ ያለው መተላለፊያ፣ ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ለእሷ ክፍት ሆኖ ይኖራል።

አጎቴ ተነሥቶ ቆመ። "እማዬ፣ ገዢ አግኝቻለሁ እኮ። ግቢውን በሙሉ ካልሆነ አልፈልግም ያለ ሰው ነው። መሐሉን በስተሽ ስትተዪው ማን ይገዛዋል?"

"ማን ይሸጣል አለህ?" አለች እናቴ።

"አንቺ ዝም በይ፣ ትልቁ ቤት ደርሶሻል።"

ልብስ ሰፊዋ በሩ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ነበረች። መርፌ የተሰካበትን ቁራጭ ጨርቅ ከደረቷ ሳታነሣ ነው የመጣችው። "ኧረ በእኔ የተነሣ አትጣሉ" አለች። "እትዬ፣ ለልጅዎ ይተዉለት። ሜዳ ላይ በወደቅሁ ጊዜ አንሥተው ሃያ ሁለት ዓመት አኑረውኛል። ከዚህ በላይ ምን አለ? እግዜር ይስጥልኝ።"

"አታመስግኚኝ" አሉ አያቴ።

"እንዴት አላመሰግንዎ?"

"ቁጭ በይ። የምነግርሽ አለ።"

ሜትር ያዥ ራሳቸውን ያዙ። "እትዬ፣ ያ ፋይል ተዘግቷል እኮ።"

"የማዘጋጃ ቤቱ ተዘግቷል። ልጄ፣ ጻፊ።"

ለወረቀቱም ለአንቺም እናገራለሁ። ትኖሪበት የነበረው ሰፈር ለመንገድ ሊፈርስ ሲል ቤቶቹን የገመትኩት እኔ ነኝ። ደንቡ እንዲህ ነበር፤ መስኮት ያለው ክፍል መኖሪያ ነው፣ የሚኖርበትም ሰው፣ ባለቤትም ይሁን ተከራይ፣ ምትክ ክፍል ያገኛል። መስኮት የሌለው ዕቃ ቤት ነው፤ ምትክ የለውም። የእናንተ ግቢ የዚያን ቀን አሥራ አንደኛው ቤት ነበር። ጎረቤቱን ማፍረስ ስለ ጀመሩ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። የመጨረሻውን ክፍል ከፍቼ ስገባ ጨለማ ነው። ግድግዳው ዙሪያውን ጨርቅ ተሰቅሎበታል፣ ወለሉ ላይ ጥቅል ጨርቅ፣ ወንበሩ ላይ የተቆረጠ ጨርቅ። አንቺ አልነበርሽም። ሜትር ያዥ፣ "እትዬ፣ ጨርቁን ላንሣው?" አለኝ። "ተወው፣ ዕቃ ቤት ነው" አልኩት። እግሬ ደክሞት ነበር። ዕቃ ቤት ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ።

ከሁለት ወር በኋላ የማፍረሱን ሥራ ልቆጣጠር ሄድኩ። ጣሪያው ተነሥቶ፣ ሦስቱ ግድግዳ ወድቆ፣ አንዱ ብቻውን ቆሟል። መሐሉ ላይ ሰማያዊ የተቀባ፣ ሁለት ተከፋች መስኮት አለ። ቆሜ እያየሁት ገፉት።

ቢሮ ተመልሼ የማረሚያ ቅጽ አወጣሁ። አንድ ማረሚያ የሞላ ገማች የዚያ ዓመት ሥራው ሁሉ እንደገና ይመረመርበታል። ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ እዚያው ቀረ። ከዚያ አንቺን ፈለግሁ። ከነስፌት መኪናሽ በዘመድ በረንዳ ላይ አገኘሁሽ። "የሚከራይ ክፍል አለኝ፣ አይወደድብሽም" አልኩሽ። አልቅሰሽ እጄን ሳምሽ። እጄን አልሳብኩም።

ልብስ ሰፊዋ መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

"የምሰፋው የማታ ቀሚስ ነበር" አለች። "ነጭ። አቧራ እንዳይነካው ብዬ ነው መስኮቱን በጨርቅ የሸፈንኩት። ለደንበኛ ላደርስ ሌላ ልብስ ይዤ ወጥቼ ነበር። ቢሮው አምስት ጊዜ ሄድኩ። ዕቃ ቤት ውስጥ ሰው አይኖርም አሉኝ። እኔ እኖራለሁ አልኳቸው። ወረቀቱ አይልም አሉኝ። አንዱማ፣ 'ታዲያ አንቺ ዕቃ ነሽ?' ብሎ አሳቀብኝ።"

"ሰምቻለሁ" አሉ አያቴ። "ያን ጊዜ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጬ ነበር።"

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። አያቴን አንቺ ብላ ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም፤ አሁን ጠራቻቸው።

"ኪራይ በሰጠሁሽ ቁጥር አመሰግንሽ ነበር። ልብስሽን በየዓመቱ ያለ ዋጋ ሰፋሁ። ለገዛ እናቴ እንደዚያ አልሰፋሁም። ይኼን የለበስሽውን ማን ሰፋው?"

"አንቺ።"

"ምስጋናዬን ለብሰሽ ነው የተቀመጥሽው።"

የአያቴ እጅ የቀሚሳቸውን ጫፍ ያዝ ለቀቅ ያደርግ ነበር።

አጎቴ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ "እህቴ፣ ቅር ካለሽማ አትጨነቂ፣ ክፍሉን ካልፈለግሽው..." ብሎ ጀመረ።

"አፍህን ሰብስብ። አልፈልግም ያለ ማን ነው?" አለችው። ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ፣ ስለ እኔ የጻፍሽውን አንብቢልኝ።"

አነበብኩላት።

"'ስለ መልካም ጠባይዋ'?" አለች። "'በፈቃዴ ሰጥቻለሁ'? ይሰረዝ። ነገ ይኼ ልጅሽ፣ 'እናቴ ሰጥታሽ' ይለኛል። ልጆቹም ይሉኛል። በዚያ መተላለፊያ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን ልድፋ? ስጦታ ከሆነ ዛሬውኑ መኪናዬን ተሸክሜ እወጣለሁ።"

"የት ትሄጃለሽ?" አለች እናቴ።

"በረንዳ አውቃለሁ።"

አያቴ ሜትር ያዥን አዩአቸው። ሜትር ያዥ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፤ "እኔም ጫፉን ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር። ጨርቁን ማንሣት እችል ነበር" አሉ።

"ፊርማው የእኔ ነው" አሉ አያቴ። "ልጄ፣ አራተኛውን ሰርዢ። እንደ አዲስ ጻፊ።"

አራተኛው አንቀጽ ተሰርዞ በዚህ ተተክቷል። በጓሮ ያለው ክፍል ከነመተላለፊያው የልብስ ሰፊዋ ነው። በእኔ ጥፋት ላጣችው ክፍል ምትኩ ነው እንጂ ስጦታዬ አይደለም። ማግኘት የነበረባት ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነበር። የተቀበልኳትን ኪራይ የምመልስበት አቅም የለኝም፤ ይህንንም አምኛለሁ። ክፍሉን መኖሪያ ማድረግ፣ ማከራየት፣ መሸጥ፣ ቆልፎ መሄድ የእሷ ፈንታ ነው። ልጆቼም ሆኑ የልጅ ልጆቼ ውለታ ብለው እንዳያነሡባት፣ ስለዚህ ክፍል ከእሷ አንዲት የምስጋና ቃል እንዳይጠብቁ አዝዣለሁ። እኔም ከዛሬ ጀምሮ አልጠብቅም።

አጎቴ፣ "መሸጥ ካለማ... ለእኔ ብትሸጪልኝስ?" አለ።

"ለአንተ ከሆነ ሃያ ካሬ ነው" አለችው።

አምስተኛ የሚባል የለኝም። አለኝ ብዬ ነበር፤ ጠፋኝ። ደክሞኛል፣ ግን መቀመጥም አልቻልኩም። ወረቀቱን አምጡልኝና ልፈርም።

ይህ ቃል በተናዛዧ ፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነብቦ፣ ሦስቱም ምስክሮች ሰምተውታል። በአራተኛው አንቀጽ ላይ ያለው ስርዝ በሁሉም ፈቃድ የተደረገ ስለሆነ ከጎኑ ተፈርሞበታል።

ተናዛዥ፦ ጡረተኛዋ ገማች። የመጀመሪያው ጠማማ ስለ ወጣ ሁለት ጊዜ ፈርመዋል፤ ሁለቱም የእሳቸው ነው።
ምስክር፦ ሜትር ያዥ
ምስክር፦ ባለ መድኃኒት ቤት
ምስክር፦ አስተማሪ
ጸሐፊ፦ የልጅ ልጅ፤ የሰማሁትን ጽፌአለሁ።

ፊርማው ካለቀ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ተቀብላ አዲሱን አንቀጽ ራሷ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሁለት ጊዜ ነው ያነበበችው። ከዚያ ለአያቴ መለሰችላቸው።

አያቴ፣ "ደህና ዋዪ" አሏት።

"ደህና ዋዪ" ብላ ወጣች። ሌላ አልጨመረችም።